አማቴን ይዘን ኒው ዮርክ እንሂድ ወይስ ቤት ይቆዩ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መሃለኛው ስድስት፣ ትንሹ ሦስት። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ በመኪና ኒው ዮርክ ልንወስዳቸው ቃል ገብተናል። ሁለት ሌሊት ነው የምናድረው። ባለቤቴ ራይድ ስለሚሠራ መንዳት አይከብደውም። ከሥራ እንደወጣ ማታውኑ እንነሳና ማንሃተን ገብተን እናድራለን ይላል። መኪናችን ሲዬና ስለሆነች ቦታ አለ።

የጨነቀኝ የአማቴ ነገር ነው። ከደሴ ከመጡ አራት ወራቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያኔ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ባለቤቴ "እማዬ መንገላታት የለባትም፣ እህቴ ጋ ትቆይ" አለ። ስጠይቃቸው "እኔ ምን አደርግላችኋለሁ፣ እናንተ ደህና ግቡ" አሉኝ። በማግስቱ ግን ለመንገድ ብለው ዳቦ ቆሎ ሲጠብሱ አገኘኋቸውና አንጀቴን በሉት። ምን ይመክሩኛል? ከልጆቹ ጋርስ ምን እንይ?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ ይዛችኋቸው ሂዱ። ሌላው ሁሉ መላ አለው።

"እናንተ ደህና ግቡ" ማለታቸው አልሄድም ማለት አይደለም። ይሉኝታ ነው። የኛ እናቶች በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብለው አያውቁም። ደግሞ "ይመጣሉ ወይ?" ብለሽ አትጠይቂያቸው። እንደዚያ ከተጠየቁ መልሳቸው "እኔ እዚሁ ይሻለኛል" ነው። "ትንሹን ማን ይይዝልኛል? አብረውን ይሂዱልኝ" በያቸው። እውነትም ያስፈልጉሻል። ባለቤትሽ ክፉ አስቦ አይደለም፤ እናቱ እንዳይደክሙ ሰግቶ ነው። እሱንም "እንዳይደክሙ አድርገን እንውሰዳቸው" በይው።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አራት ልጆች አሳድጌያለሁ። ከእነሱ ጋር ኒው ዮርክ ሦስት ጊዜ በመኪና ሄደናል። የመጀመሪያውን ጉዞ ልንገርሽ፤ ባለቤትሽ ካሰበው ጋር አንድ ነውና።

ባለቤቴ ሥራ ውሎ ማታ ተነሳን። ደላዌር ስንደርስ ዓይኑ ይከደን ጀመር። እኔ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፣ ሀይዌይ ግን እፈራ ነበር። ማረፊያ ቦታ ገብተን መኪናው ውስጥ ተኛን። ልጆቹ ሲያለቅሱ አደሩ። ወደ ማንሃተን በወንዝ ሥር የሚያስገባው ሆላንድ ተነል አፍ ላይ የደረስነው ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሚገባበት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆምን። ሁለተኛው ልጄ ሽንቱ መጣበት። መውረድ አይቻልም፣ መታጠፊያም የለም። ባዶ የውኃ ጠርሙስ ፈልጌ ሰጠሁት። እህቶቹ ፊት አፍሮ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሲያለቅስ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከተማው ውስጥ ደግሞ መኪናውን ለአንድ ቀን ለማቆም ብቻ 70 ዶላር ከፈልን። እኔና ባለቤቴ እዚያው በር ላይ ተጣላን። ልጆቹ ስለዚያ ጉዞ ሲያወሩ የሚያነሱት ጠባችንን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር እንቅልፍ ነው። ራይድ የሚሠራ ሰው መሪ ስለለመደ ድካሙ ቶሎ አይታወቀውም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የዋለ ሰው ግን እናቱንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ ሌሊቱን ወደ 230 ማይል መንዳት የለበትም። ዓርብ ዕለት አይሥራ፤ በጊዜ ይተኛ። ቅዳሜ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ)። ልጆቹን ከነፒጃማቸው አቅፋችሁ መኪና ውስጥ አስገቧቸው። ባልቲሞር በተኙበት ያልፋል። ለስድስት ዓመቱ ልጅ ቡስተሩን እንዳትረሺ፤ ቨርጂኒያም ኒው ጀርሲም ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው የልጅ መቀመጫ ይጠይቃሉ። አማትሽን መሃለኛው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ አስቀምጫቸው። ኋላ ከገቡ መውጣቱ ጉልበታቸውን ይጎዳዋል።

ንጋት ላይ ሜሪላንድ ሃውስ የሚባለው ማረፊያ ትደርሳላችሁ። መንገዱ መሃል ነው ያለው፤ ስትሄዱም ስትመለሱም ትገቡበታላችሁ። እዚያ ልጆቹ ይጸዳዱ፣ ልብስ ይቀይሩ፣ ቁርስ ይብሉ። ቀጥሎ ደላዌር ውስጥ የባይደን ስም የተሰጠው ማረፊያ አለ። አማትሽ "አላስቸግራችሁም" ብለው ቢቀመጡም በየማረፊያው አውርዳችሁ ትንሽ አራምዷቸው። ለረጅም ሰዓት የተቀመጠ ጉልበት ይደርቃል፤ እግርም ያብጣል።

ለመንገድ ክፍያው ኢዚ ፓስ ይኑራችሁ፤ መኪናዋ ስታልፍ ሂሳቡን በራሱ የሚያስቆርጥ መሣሪያ ነው። የባልቲሞሩ ተነል፣ ሳስኩዊሃና ወንዝ አካባቢ ያለው፣ ደላዌር፣ ከዚያ የኒው ጀርሲ ተርንፓይክ፣ ሁሉም ይቆርጣል። የደላዌር ሜሞሪያል ድልድይ የሚያስከፍለው ግን ስትመለሱ ብቻ ነው።

ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤንዚን ራስ መቅዳት በሕግ አይፈቀድም። ቀጂ አለ። ሁለተኛውን ጉዞ ከእናቴ ጋር ነው የሄድነው፤ ይህን ስታይ "እንደ አገራችን!" ብላ ደስታዋ ሌላ ነበር። መስኮቱን አስወርዳ ቀጂውን በአማርኛ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አለችው። ልጁ ምን እንዳለችው ባያውቅም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ከመኪናዋ ሳትወርድ ሰው ያገኘችበት የመጀመሪያው ቦታ እሱ ነው።

አሁን ዋናው ምክሬ። ማንሃተን በመኪና አትግቡ። የተነሉ ክፍያ አለ። ከ60ኛ መንገድ በታች ለሚገባ መኪና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ቀን ቀን 9 ዶላር ይቆረጣል። ከዚያ በላይ ፓርኪንግ አለ። ከማንሃተን ወንዝ ማዶ ባለችው ጀርሲ ሲቲ ሆቴል ያዙ። ስትይዙ ስለ ፓርኪንግ ዋጋው፣ ስለ ማይክሮዌቩና ስለ ሊፍቱ ደውላችሁ ጠይቁ። መኪናዋ እዚያው ትቁም። ፓዝ የሚባለው ባቡር ወንዙን ከሥር አቋርጦ ዎርልድ ትሬድ ሴንተር ያወርዳችኋል። ከኤክስቼንጅ ፕሌስ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል።

የኒው ዮርክ ሰብዌይ ግን ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል። 472 ጣቢያ አለው፤ አብዛኛው ሊፍት የለውም። ካርታው ላይ የዊልቸር ምልክት ያለበትን ጣቢያ ብቻ ምረጡ። ለትንሹ ልጅ ጋሪም ይህ ይጠቅማል። ከ44 ኢንች በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነፃ ይገባል። ለሌላው የባንክ ካርድ በሩ ላይ ማስነካት ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ከልጆቹ ጋር ተስማሙ። ባቡሩ በር ዘግቶ ከለያያችሁ፣ ውስጥ የቀረው ሰው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዶ እዚያው ይቁም። ውጭ የቀራችሁት ቀጥላችሁ ትመጣላችሁ። ትልቋን እስክትሸመድደው አስደግሚያት። በእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ላይ ስልክ ቁጥርሽን በእስክሪብቶ ጻፊ። የሆቴሉን አድራሻና የእናንተን ስልክ የያዘ ወረቀት ለአማትሽም በቦርሳቸው አድርጊላቸው።

ስለ ጾሙ። እኔ ከእናቴ ጋር ስሄድ መጀመሪያ የኛን ምሳ በስድስት ሰዓት፣ የሷን በዘጠኝ ሰዓት አድርጌ ነበር። እኛ ስንበላ እሷ ስታየን፣ እሷ ስትበላ ልጆቹ ሲጎትቱን ዋልን። በማግስቱ ለልጆቹ በስድስት ሰዓት ሙዝና ዳቦ ሰጠኋቸውና የሁላችንንም ምሳ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዞርኩት። ቀኑ ሁሉ ተስተካከለ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ በትንሽ ኩለር ደግሞ የሽሮ ፍትፍትና ሰላጣ ያዙ። የዳቦ ቆሎውን ነገር አማትሽ ጨርሰውታል። ነሐሴ ላይ ኒው ዮርክ ይሞቃል፤ ከድንጋዩም ከአስፋልቱም ሙቀት ይወጣል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም አስቀድመው ያነጋግሩ። እሑድ ማስቀደስ ከፈለጉ ብሮንክስ ውስጥ የኛ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቂያቸው፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ አይነግሩሽም።

ምን እንይ ላልሽው፣ በቀን ሁለት ነገር። ሦስተኛ አትጨምሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ጉዞ ነው። ታይምስ ስኩዌር፣ ኢምፓየር ስቴት፣ ሁሉንም በሁለት ቀን ካላችሁ ትንሹ ልጅ ጋሪው ውስጥ ያለቅሳል፣ አማትሽ አግዳሚ ወንበር ፍለጋ ይንከራተታሉ፣ እናንተ ደግሞ ስልክ ላይ ካርታ ስታዩ ትውላላችሁ።

ቅዳሜ ከፓዝ ስትወርዱ ብሮድዌይ ቅርብ ነው። ከባትሪ ፓርክ እስከ ሲቲ ሆል ባለው የእግረኛ መንገድ፣ በግራም በቀኝም፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተጻፉ ስሞች መሬቱ ላይ ተነጥፈዋል። ከ200 በላይ ናቸው። ከተማዋ በዚያ መንገድ በሰልፍ፣ ከፎቆቹ ወረቀት እየተበተነ፣ የተቀበለቻቸው ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው የ1886 ነው፤ የነፃነት ሐውልት የተመረቀበት ዓመት። ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል። ጃንሆይ እዚያ ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል። አንዴ ጁን 1 ቀን 1954፣ ሌላው ኦክቶበር 4 ቀን 1963። በዚያው በሁለተኛው ቀን ነው በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ንግግር ያደረጉት። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ለልጆቼ "ከዚህ ድንጋይ ሁሉ ውስጥ የኛን አገር ስም የሚያገኝ ማነው?" አልኳቸው። ሮጡ። ከማማረር ወጥተው አንገታቸውን ደፍተው ማንበብ ጀመሩ። ያገኘችው ያኔ የአስር ዓመት የነበረችው ልጄ ናት። "አያቴ! ነይ! ኢትዮጵያ ይላል!" ብላ ጮኸች። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ልጄ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበችላት። እናቴ ያንን የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ ቁጭ አለች። ሰው በግራ በቀኟ ያልፋል። የነጠላዋን ጫፍ አንስታ አቧራውን ጠረገችው። አንዱ ፊደል ላይ ማስቲካ ተጣብቆ ነበር። በጥፍሯ ፋቀችው። እስኪለቅ ድረስ አልተነሳችም።

ከዚያ እዚያው ግድግዳ ተደግፋ፣ ጎንደር ተማሪ ሳለች ጃንሆይ ሲመጡ መንገድ ዳር ተሰልፋ መጠበቋን ነገረቻቸው። ፀሐዩን፣ የተሰጣቸውን ትንሽ ባንዲራ፣ መኪናው ቶሎ ስላለፈ እጃቸውን ብቻ እንዳየች። ልጆቼ ጥያቄ በጥያቄ አደረጓት። መጀመሪያ እኔ መሃል ገብቼ እተረጉም ነበር። ኋላ ተውኩት። እነሱ በሰባራ አማርኛቸው፣ እሷ በእጇ፣ ተግባቡ። ከዚያ በፊት ለእናቴ "ደህና አደርሽ" ብለው ወደ ስልካቸው ነበር የሚሄዱት።

ለአማትሽ ትንሽ ተጣጣፊ ወንበር ያዙላቸው። መንገዱ ረጅም ነው፤ እሳቸው ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ ልጆቹ ፈልገው ሲያገኙ ይጥሯቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪ ፓርክ ውስጥ ጥላ ያለበት ወንበር ይዛችሁ ብሉ። ከዚያ የስታተን አይላንድን መርከብ ተሳፈሩ። ነፃ ነው። መንገድ ላይ ትኬት እንሽጥላችሁ የሚሉ ሰዎች ይጠጓችኋል፤ አትስሟቸው፣ ለዚህ መርከብ ትኬት የለም። ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሲሄድ በቀኝ በኩል ቁሙ፤ የነፃነት ሐውልቷ በዚያ በኩል ነው የምትታየው። እዚያ ስትደርሱ ሁሉም ሰው ይወርዳል፤ እናንተም ወርዳችሁ በቀጣዩ ተመለሱ። ተቀምጦ፣ ነፋስ እየተቀበሉ፣ ከተማዋን ከውኃ ላይ ማየት ነው። ለአማትሽ ከዚህ የተሻለ የለም።

እሑድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሂዱ። ሴንትራል ፓርክ ጎን፣ 79ኛ መንገድ ላይ ነው። ትኬቱን በስልክ ቀድማችሁ ግዙ። ዊልቸር በነፃ ያውሳሉ፤ አማትሽ እንቢ ቢሉም "ትንሹን አቅፈውልኝ ይቀመጡ" በያቸው። ልጆቹ ዳይኖሰሮቹን ያያሉ። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ዓሣ ነባሪ 28 ሜትር ይሆናል፤ ከሥሩ ወለል ላይ ተጋድመው የሚያዩ ልጆች ሞልተዋል፣ የናንተም ይጋደሙ። የሰው ዘር አመጣጥ የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የድንቅነሽ ቅጂ አለች። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር፣ ሐዳር የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። ዋናዋ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ናት። ቁመቷን ከስድስት ዓመቱ ልጅሽ ጋር አለካኪያቸው፤ ይቀራረባሉ።

ከሙዚየሙ ስትወጡ ፓርኩ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፉ። የኒው ዮርክ ማራቶን የሚያልቀው እዚያው ፓርክ ውስጥ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው እዚያ ነው። ታምራት ቶላም በ2023 እ.ኤ.አ. በሁለት ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ገብቶ የቦታውን ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያ ነው። ልጆቹን "ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ዛፍ" ብላችሁ አሯሯጧቸው፤ አማትሽ ዳኛ ይሁኑ። ማታ በጊዜ ይተኛሉ።

ሰኞ ጠዋት አትቻኮሉ። የሥራ መግቢያው ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቃችሁ አራት ሰዓት ገደማ ውጡ። ባለቤትሽ ሲደክመው አንቺ ያዢ። እኔ ከዚያ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሀይዌይ መንዳት የተማርኩት በሁለት ወር ውስጥ ነው፤ እሑድ ጠዋት ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል። አንቺም ከአሁኑ ጀምሪ።

ስትመለሱ ጻፊልኝ። ድንጋዩን ማን እንዳገኘው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያስመልሰዋል። በሚቀጥለው ወር ወደ ቺካጎ ልንነዳ ነው። ታብሌት እየሰጠሁት ዝም ለማሰኘት ሞክሬ ነበር፣ ባሰበት። ምን ላድርግ?
አባት፣ ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያባሰው ታብሌቱ ነው። ዓይኑ ስክሪን ላይ ሲተከል መኪናው የቆመ ይመስለዋል፤ ጆሮው ውስጥ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ደግሞ እየሄድን ነው ይላል። ማቅለሽለሹ የሚመጣው ሁለቱ ሲጋጩ ነው። ስለዚህ ወደፊት፣ ሩቅ ወዳለው መንገድ ይይ። ከተቻለ የኋላ ወንበር መሃል ላይ አስቀምጠው፣ የፊቱ መስታወት እንዲታየው። ዘፈን ወይም ተረት በጆሮው ይስማ። ከመነሳታችሁ በፊት ወተትና ቅባት አትስጠው፤ ባዶ ሆዱንም አይሁን፣ ደረቅ ዳቦ ይብላ። መስኮቱን ትንሽ ክፈት። ፊቱ ሲገረጣ ወይም ሲያዛጋ ሳትጠብቅ አቁም። መድኃኒት አለ፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ስንት እንደሚሰጥ ግን የልጆች ሐኪሙን ጠይቅ። ፌስታልና ቅያሬ ቲሸርት ደግሞ ኋላ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጥ፤ እጅህ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።